የባና ካሶንዴን ውሃ ከጠጣሁ ወዲህ

ጃንዋሪ 9፣ እሑድ

ትናንት ወለድኩ። ልጄ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሪህ አለበት፤ ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ሲያልበው ቀለሙ በአንገቱ ይወርዳል። ስሙ ካሶንዴ ይባላል። እስከ ትናንት ጠዋት ድረስ አጎቴ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ኖቬምበር ላይ ሞተች። ሰው ሁሉ የሚጠራት ባና ካሶንዴ፣ የካሶንዴ እናት፣ እያለ ነበር። ስሟ ያለ ባለቤት ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ከወገኗ አንድ ሰው ይወርሰዋል። ስለዚህ ትናንት ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝ፣ አንገቴ ላይ ነጭ ዶቃ አሰሩልኝ፣ በአያቴ ኩባያ ውሃ አጠጡኝ። «በቃ፣ ምዋባ ሄደች» አሉ። ምዋባ እኔ ነኝ። ማለት ነበርኩ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ወይም ሰባ ስምንት።

ለምን እኔን? ከዘመዶቹ ሁሉ የአያቴን ሳል፣ አረማመድና ስድብ አሳምሬ የማስመስል እኔ ስለሆንኩ። በየበዓሉ እያስመሰልኩ ሳስቃቸው ኖሬያለሁ። ሰዎቹ ቀልዴን ወደዱትና ሥራ አደረጉት።

አጎቴ ካሶንዴ ጉልበቱ እየተንቋቋ ተንበረከከ፤ ለታላቅ እንደሚደረገው እጁን አጨበጨበ። «እማዬ፣ እንኳን ተመለሱልን።»

ሳል አልኩና፣ «ካሶንዴ፣ እግርህን ሰብስብ፣ ሰው ሊያልፍ ነው» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የአያቴ ታናሽ እህት እማማ ሙሶንዳ፣ ሱረቷን በአፍንጫዋ እየሳበች፣ «እህቴ፣ እውነት አንቺ ከሆንሽ ያን ሰማያዊ ሻሼን መልሺ» አለችኝ። እኔ ሻሹን የት አውቄው!

እንዲህ ከሆነስ እናትነት መልካም ነገር ነው ብዬ ነበር።

ጃንዋሪ 10

ማድ ቤቱ ጀርባ የአያቴ አጭር ዱካ አለች። ዛሬ ተቀመጥኩባት። ወደ ግድግዳው ጠጋ ሲሉ የሷ ሳሙና ይሸታል። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እናቴ ቾላ መጣች። «ማንን ነው የሚያለቅሱት?» አለችኝ። አዎ፣ አንቱ ትለኛለች፤ የወለደችኝ ሴት። «እርስዎ እኮ እዚሁ አሉ። እንባዎን ያየ ሰው ‹ስሙን አልተቀበለችም› ይላል።» ወገቧ ላይ ባገለደመችው ቺቴንጌ ጫፍ ፊቴን ጠራረገች።

ከዚያ ራሷ ቁጭ አለችና ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ብዙ አለቀሰች። «እማዬ፣ ለምን ጥለውኝ ሄዱ» እያለች። የኔ ተራ መቼ ነው ልላት ነበር። በምትኩ የአያቴን ሳል ሳልኩላት። ተጽናናች፤ ተነሥታ ጎመን ልትቀነጥስ ሄደች። የኔ እግር ደንዝዞ ቀረ።

ጃንዋሪ 17

ትምህርት ተከፈተ። ዝናብ። ዩኒፎርሜ አጥሯል። የሒሳብ መምህሩ «አንቺ ደንቆሮ፣ ወደ ፊት ነይ» አለኝ። በደስታ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ጃንዋሪ 23፣ እሑድ

አጎቴ፣ ይቅርታ፣ ልጄ፣ ዛሬ ዶሮ ይዞ መጣ። ካሶንዴ ዶሮ ይዞ ከመጣ ዶሮው ብቻ አይደለም የሚታረደው።

የምንኖርበት ቤት የአያቴ ነው። የከተማው ማዕድን ማውጫ ለሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች አንዱ፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ በጓሮው በቆሎ ይበቅላል። እናቴ የተወለደችው እዚህ ነው፤ አባቴ ጥሏት ሲሄድ የተመለሰችውም እዚህ ነው። ሌላ መግቢያ የላትም። ካሶንዴ ግን ሸጦ የጭነት መኪና ሊገዛ ይፈልጋል። ችግሩ ባና ካሶንዴ በዘመድ ፊት «ይሸጥ» ካላለች ማንም አይሸጠውም። ባና ካሶንዴ ደግሞ ማን ሆነች?

«አንድ ቃል ብቻ፣ እማዬ» አለኝ የዶሮውን ብልት እያጎረሰኝ። «ለትምህርት ቤት እየከፈልኩ እርስዎን የማስተምር እኔ መሆኔን መቼም አይረሱም።» እናቱን የሚያስተምር ልጅ! ይባረክ።

እሱ ሲወጣ እናቴ ከበሩ ኋላ መጣች። ሁሉን ሰምታለች። «እማዬ፣ እኔ የት ልግባ?» አለች። ይህን ብቻ።

ከዚያ ምን እንደሆነ እንጃ። የንሺማውን ገንፎ እያማሰልኩ ነበር። መጀመሪያ ጣቶቼ፣ ከዚያ ክንዶቼ የሌላ ሰው ሆኑ። ወለሉ መጣ። ዓይኔ ተጨፍኖ አልገለጥ አለ፤ ጭንቅላቴ «አይሆንም፣ አይሆንም» እንደሚል ሰው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የሚገርመው፣ ሁሉን እሰማለሁ። የእናቴን ጩኸት፣ የገንፎውን ማረር። መናገር ብቻ አልችልም። ስነሣ ልብሴ በላብ ርሷል።

ጥሬ ማንጎ በልቼ ነበር። እሱ ነው።

ጃንዋሪ 26

እንደገና። ቧንቧው ጋ፣ ወረፋ ላይ። ካሶንዴ ስልክ ደውሎ «አሰቡበት፣ እማዬ?» ካለኝ በኋላ። ቀሚሴ ተገልቧል። አንዲት ሴት ልጇን ጎትታ ሸሸች፤ «አረፋው ይጋባል» ስትል ሰማሁ። አረፋ እንኳ የለኝም። ስም ብቻ!

ፀሐዩ ነው። (ደመና ነበር።)

ፌብሩዋሪ 2

ጤና ጣቢያ የሚጥል በሽታ ነው ብለው ኪኒን ከሰጡኝ ሳምንት ሊሆነኝ ነው። ኪኒኑ ያስተኛኛል፤ መውደቄን ግን አላስቀረም። አሁን በእንቅልፌ ላይ እወድቃለሁ ማለት ነው።

ዛሬ እናቴና አጎቴ ሳሎን ተጣሉ። እሷ «ከዚህ ሬሳዬ ይውጣ» አለች፤ እሱ «ባልሽ ጥሎሽ ሲሄድ ማን ተቀበለሽ» አላት። ከዚያ ሁለቱም ዞሩ። «እማዬ፣ ይፍረዱን!» አያቴ ብትሆን በማማሰያ ትመታቸው ነበር። እኔ ማማሰያውን ልይዝ እጄን ስዘረጋ ወደቅኩ።

እማማ ሙሶንዳ ምላሴን እንዳልነክስ ብላ ያንኑ ማማሰያ አፌ ውስጥ ሰነቀረችው። የትናንት ንሺማ ጣዕም አለው። ከላዬ ሆና ትተነትናለች። «ያጠጣናት ውሃ አንሶ ነው። እህቴ በሕይወት እያለች ሁለት ኩባያ ነበር የምትጠጣው።» ልስቅ አልቻልኩም፤ መንጋጋዬ አይታዘዝም። ሳቅ ሆድ ውስጥ ሲቀር ያማል።

ፌብሩዋሪ 11፣ ዓርብ

ንዶላ ከተማ፣ ትልቁ ሆስፒታል። ከእናቴ ጋር በሚኒባስ ሄድን። ጭንቅላቴ ላይ ብዙ ሽቦ ለጠፉብኝ፤ መብራት ቢጠፋ እኔን ይሰኩኝ ነበር። ዶክተሯ ሲያሜ ትባላለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሳቅ የማይቀናት።

ማሽኑ እየሠራ የእናቴ ስልክ ጮኸ። «ካሶንዴ ነው» ብላ አንሾካሾከች። «እማዬ፣ ስለ ቤቱ ዘመድ የሚሰበሰብበትን ቀን ቆርጫለሁ ይልዎታል።»

እዚያው ወደቅኩ። ሽቦው ሁሉ ከኔ ጋር።

ዶክተሯ ማንንም ማማሰያ አላስያዘችም። ራሴን በትራስ ደግፋ፣ «ምዋባ፣ እዚሁ ነኝ፣ ያልፋል» ትላለች። ምዋባ! ስሜን ማን ነገራት? ካርዴ ላይ ተጽፏል፣ ለካ።

ኋላ አስረዳችን። ስወድቅ አንጎሌ በማሽኑ ላይ ሰላም ነው፤ የሚጥል በሽታ ቢሆን ኤሌክትሪኩ ይታመስ ነበር። «ታዲያ ደህና ናት?» አለች እናቴ። «አይደለችም» አለች ዶክተሯ። «መንቀጥቀጡ የእውነት ነው፤ አታስመስልም፤ ልታቆመውም አትችልም። ጭንቀት ከአቅም ሲያልፍ ሰውነት እንዲህ ያደርጋል። ኪኒኑን ቀስ በቀስ እናቆማለን። የሚያስፈልጋት መነጋገርና ሸክም ማቅለል ነው።»

በሚኒባስ ውስጥ እናቴ ቀስ ብላ፣ «እማዬ፣ ምን አስጨነቀዎት?» አለችኝ።

የተቀቀለ እንቁላል ግዢልኝ አልኳት። ገዛችልኝ።

ፌብሩዋሪ 12

ካሶንዴ ውጤቱን ሰምቶ መጣ። «ማሽኑ ምንም የለም ካለ ምንም የለም! ድሮም ማስመሰል የልጅቷ ሙያ ነው» አለ ለእናቴ። ወዲያው ትዝ አለው፤ ወደኔ ዞሮ፣ «ይቅርታዎን፣ አስመሳይ ነዎት፣ እማዬ» አለኝ። ሲሰድብ እንኳ ጉልበቱን ሸብረክ ያደርጋል። ያሳደገችውን እናት አመስግኑ።

ሲሄድ ግን ነገሩ ቆረቆረኝ። እውነት ይሆን? የእማማ ሙሶንዳን ማነከስ፣ የቄሱን ማዛጋት፣ የመምህሩን ማስነጠስ የማስመስል እኔ፣ ይህንንስ ሳላውቀው እያስመሰልኩ ቢሆን? በሩን ቆልፌ መስታወት ፊት ቆምኩ። እስቲ ውደቂ፣ አልኩ። እጄን አንቀጠቀጥኩ። ዶሮ እንጂ በሽተኛ አልመሰልኩም። ዓይኔን ጨፍኜ ምንጣፉ ላይ ተንከባለልኩ። ሳቄ መጣ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

በሕይወቴ ማስመሰል ያቃተኝ ሰው ያ የሚወድቀው ነው።

ፌብሩዋሪ 20

እጄ ገና ይንቀጠቀጣል፤ ጽሑፌም የሐኪም መስሏል።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደቅኩ። (ባቄላ በልቼ ነበር።) ሳሎን ምንጣፉ ላይ አስተኝተውኝ ሰው ሁሉ ወጣ፤ ካሶንዴና እማማ ሙሶንዳ ብቻ ቀሩ። የወደቀ ሰው አይሰማም ብለው ያስባሉ። በዚህ ቤት ካገኘሁት ትምህርት ትልቁን ያገኘሁት ተኝቼ ነው።

«ስሙን ከሷ ላይ እናንሣው» አለ ካሶንዴ።

«ማን ላይ ልትጥለው?»

«ሎምቤ ላይ።» ሎምቤ የሟች አክስቴ ልጅ ናት፤ እሱ ቤት ታድጋለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ያቺ ንፍጧን ያልጠረገች?»

«የተባለችውን ትላለች።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይቺ እኮ በዘመድ ፊት ቆማ ‹አያቴ አልፈለገችኝም፣ ለዚህ ነው የምትጥለኝ› ካለች አለቀ። እሷም ትድናለች፣ እኔም መኪናዬን እገዛለሁ።»

እማማ ሙሶንዳ ሱረት ሳበች። «ቾላስ?»

«ቾላ ትልቅ ሰው ናት።»

ፌብሩዋሪ 21

አንድ ዓረፍተ ነገር። አያቴ አልፈለገችኝም። ውሸት እንኳ ለመሆኑ ምስክር የለም። ከዚያ ወዲያ ማንም እማዬ አይለኝም። ደንቆሮ ብቻ እሆናለሁ።

ክፍል ውስጥ በደብተሬ ጠርዝ ጻፍኩት። አያቴ አልፈለገችኝም። ጻፍኩት እንጂ ጮክ ብዬ አላነበብኩትም።

እናቴን ሳስብ አይሆንም እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ቀሚሴ የተገለበበትን የቧንቧውን ወረፋ አስባለሁ። ክፉ ልጅ ነኝ።

ፌብሩዋሪ 25፣ ዓርብ

ዶክተር ሲያሜ ጋ፤ ለብቻዬ አስገባችኝ። ከመውደቄ በፊት ምን እንደሚሆን ጠየቀችኝ። ስለ ማንጎው፣ ስለ ፀሐዩና ስለ ባቄላው በሙሉ ነገርኳት። ታዳምጣለች፤ ፊቷ አንድ ነው።

«መቼ ነው ያለቀስሽው?»

«ሽንኩርት ስከትፍ።»

አልሳቀችም። «ለአያትሽስ?»

«አያቴ እኮ እኔ ነኝ» አልኳት። ልትስቅ ይገባት ነበር፤ ጥሩ ቀልድ ነው። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። እግሬ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መሬቱን በእግሬ እንድረግጥና ክፍሉ ውስጥ የማየውን እንድጠራ አደረገችኝ። ሚዛን። ቀይ ባልዲ። አስቀያሚ መጋረጃ። ቆመ! ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልወድቅ ቆመ።

እናቴን አስገብታ፣ «ቤት ውስጥ በስሟ ጥሯት፤ እንደ ልጅ ያዟት» አለቻት።

እናቴ ተቆጣች። «ወላጅ እናቴን በስሟ ልጥራት? እኔ ባለጌ ነኝ?»

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። ኮሌጅ ይህን አላስተማሯትም መሰለኝ።

ማርች 3

ሎምቤ ልትጠይቀኝ መጣች። ካሶንዴ አዲስ ጫማ ገዝቶላታል። «ቅዳሜ እኔ ባና ካሶንዴ እሆናለሁ፤ አጎቴ እንደሚንበረከክልኝ ነግሮኛል» አለችኝ። ቀድማ መለማመድ ጀምራለች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታነክሳለች። ታምራለች። ሳቅኩላት።

«ስትወድቂ ያማል?» አለች።

«ወለሉ ያማል።»

«እኔም ባና ካሶንዴ ስሆን እወድቃለሁ?»

ማንጎ ላጥኩላት። ጭማቂው እስከ ክርኗ ሲወርድ ጫማዋን ከጠብታው ስትጠብቅ አየኋት።

ማርች 5፣ ቅዳሜ

ሁሉም መጡ። ሳሎኑ አልበቃም፤ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እኔ ምንጣፉ ላይ። ሎምቤ ከካሶንዴ አጠገብ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ። እናቴ ከበሩ አጠገብ፣ ለመባረር እንዲመቻት ይመስል።

ካሶንዴ ረጅም ንግግር አደረገ። ስለ እናት ፍቅር፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ዘመኑ መክበድ። ቀለሙ በአንገቱ እየወረደ ነበር። «እንግዲህ እማዬ ራሳቸው ይናገሩ። ማረፍ ይፈልጋሉ?»

እጆቼ ጀመሩ። መሬቱን ረገጥኩ። የበር መዝጊያ። ሰማያዊ ጀሪካን። የእማማ ሙሶንዳ ሁለት ጥርስ።

ሳል ልስል አስቤ ነበር፤ የአያቴን። አልመጣም። በራሴ በቀጭኑ ድምፅ ነው የተናገርኩት። «ስሙን ለማንም አልሰጥም። ቤቱ አይሸጥም። ቾላ እዚህ ትኖራለች።»

ሎምቤ ከንፈሯን ጣለች።

ካሶንዴ ይጮኻል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ተንበረከከ፤ ሦስቴ አጨበጨበ። «እሺ፣ እማዬ። ቃልዎ ቃል ነው።» ቀና ብሎ ፈገግ አለ። «እንግዲያው ባና ካሶንዴ ከሆኑ በእውነት ይሁኑ። የቤት እናት ዩኒፎርም ለብሳ ከሕፃናት ጋር አትሰለፍም። ከሰኞ ጀምሮ እቤትዎ ይከበሩ። አይደለም እንዴ፣ ዘመዶቼ?»

ዘመዶቹ አሰቡበት። አንዱ ሽማግሌ፣ «ልክ ነው፣ ነውርም ነበር» አለ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ። እናቴን አየኋት። ወለሉን ታያለች።

ያኔ ወደቅኩ።

ከላዬ ተከራከሩ። አንድ የካሶንዴ ወዳጅ፣ «የታመመ ሰው ቃል ቃል አይደለም» አለ። እማማ ሙሶንዳ ሱረቷን ዘጋች። «አንተ ጅል፣ ቃሉ ቆሞ ነው የወጣው። የወደቀው ኋላ ሰውነቱ ነው።» በዚህ ተዘጋ።

ማርች 7፣ ሰኞ

ዩኒፎርሜ ገመድ ላይ ነው። ታጥቦ። ለማን እንደታጠበ እንጃ።

ጠዋት ልጆቹ በአጥሩ ሥር ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፉ እየሰማሁ አልጋዬ ላይ ቀረሁ። እናቴ ገባች። ትሪ ይዛ፤ ገንፎ በኦቾሎኒ፣ ለታላላቆች የሚቀርበው ዓይነት። ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

«ቤቴን አተረፉልኝ» አለች። «ምን ልስጥዎት? ይጠይቁኝ።»

ትምህርት ቤት ላኪኝ ልላት ነበር። የሚከፍለው ካሶንዴ ነበር፤ በምን ትልከኛለች?

«ተቆጪኝ» አልኳት።

«ምን?»

«ተቆጪኝ፣ እማ። እንደ ድሮው። ፀሐይ ወጥቷል፣ እኔ ተኝቻለሁ። አንሶላው ቆሽሿል። ተቆጪኝ።»

ሳቀች። እኔ እንዳልሳቅኩ ስታይ አቆመች። አፏን ከፈተች፤ ዘጋች። በሩን ዞራ አየች፤ ማንም የለም። በጣም ቀስ ብላ፣ እንደሚሰርቅ ሰው፣

«እግርሽን... እግርሽን ሳትታጠቢ አልጋ ላይ ትወጫለሽ?» አለች።

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ደንግጣ ግንባሯን ወለሉ ላይ ደፋች፤ እያጨበጨበች «ይቅር ይበሉኝ፣ እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» ትላለች። ላነሣት ብል አልነሣም አለችኝ። ጭብጨባዋ አላቆመም።

እግሬ ንጹሕ ነበር። ቢሆንም ሄጄ ታጠብኩ።